እሽክርክሪት አይወረወርም፣ ይሳባል

«41 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ዳንግላ ነው። ሰፈራችን ያለ አናጢ ለልጄ ከእንጨት የተጠረበ፣ ከታች ምስማር ያለው፣ ገመድ ተጠቅልሎበት የሚሾር እሽክርክሪት ሠራለት። ልጁ በሁለት ቀን ቻለበት። እኔ ሦስት ሳምንት ታግዬ አንድም ቀን አልቆመልኝም። ስወረውረው ወይ በሆዱ ይንከባለላል፣ ወይ ከነገመዱ ተመልሶ ጉልበቴን ይለኛል። በልጅነቴ ‹የወንድ ጨዋታ ነው› ተብዬ ነክቼው አላውቅም። ባለቤቴ ደግሞ በጅራፍ የሚገረፈው ይቀልሻል ይላል። ዕድሜዬ አልፎ ነው ወይስ ዕቃው ነው? ጎረቤት ሲያየኝ ማፈሬንም አልደብቅም።»

እህቴ፣ ዕድሜሽ አላለፈም። ዕቃው ትንሽ ጣጣ ሳይኖርበት አይቀርም፣ እሱን ቆይቼ አየዋለሁ። ዋናው ችግር ግን ጥያቄሽ ውስጥ ቁጭ ብሏል። «ስወረውረው» ነው ያልሽው። እሽክርክሪት አይወረወርም፣ ይሳባል። ልጆቹን ስታያቸው የሚወረውሩ ይመስላሉ። ክንዳቸው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ዕቃው ከእጃቸው ይወጣል፣ መሬት ላይ ያርፋል። ዓይን የሚያየው ይህንን ነው። ሥራውን የሚሠራው ግን ዓይን የማይደርስበት ነገር ነው፤ ዕቃው ገና አየር ላይ እያለ እጅ ወደ ኋላ የሚመለስባት ቅጽበት።

ይሄ ሰውዬ ማን ነው እንዳትይ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ባሕር ዳር ነው ያለሁት። ለዓመታት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ፤ አሁን እንጀራዬ ቶርኖ ነው። የወንበር እግር፣ የደረጃ መደገፊያ እጠርባለሁ፣ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ እሽክርክሪት። ሰው ይህን ሲያይ ከልጅነቴ ጀምሮ የምችል ይመስለዋል። አልችልም ነበር። የቻልኩት 29 ዓመቴ ላይ ነው። ያስተማረችኝም እናቴ ናት፤ እሷ ደግሞ እሽክርክሪት በእጇ ይዛ አታውቅም።

ሞጣ አካባቢ ወላጆቼ ቤት ሄጄ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ግቢ ውስጥ አነሳለሁ፣ እጠቀልላለሁ፣ እወረውራለሁ፣ ይወድቃል። እማዬ መደብ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ባዘቶው በግራ እጇ ነው። እንዝርቱን ቀኝ ጭኗ ላይ አስተኝታ በመዳፏ አንድ ጊዜ ሸርተት ታደርገዋለች፣ እንዝርቱ ሽው ብሎ ይሾራል፣ ለቀቅ የምታደርገው ከዚያ በኋላ ነው፤ ግራ እጇ ወደ ላይ ሲወጣ ክሩ ከባዘቶው ውስጥ እየሳሳ ይከተላታል። ሃያ ጊዜ ያህል ሲወድቅብኝ አየችና ሳትስቅ እንዲህ አለችኝ፤ «አንተ እኮ እየጣልከው ነው። መጀመሪያ አሹረው፣ ከዚያ ልቀቀው።»

ያን ያህል ዘመን ክፍል ውስጥ ስለ ሽክርክር እንቅስቃሴ ስለፈልፍ የኖርኩ ሰው አፌን ይዤ ቀረሁ። እንዝርት ከጭን ሳይለቀቅ በፊት ሾሯል። እሽክርክሪትም መሬት ሳይነካ በፊት ፍጥነቱን ይዞ መጨረስ አለበት። መሬቱ የሚሾርበት ቦታ ነው እንጂ የሚያሾረው አይደለም። አንቺ ፈትል የምትችይ ከሆነ፣ ወይ እናትሽ ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጠሽ ካደግሽ፣ እጅሽ ነገሩን ግማሽ ያውቀዋል። የወንድ ጨዋታ የሚባለው ነገር ስሙ ብቻ ነው የወንድ።

እስኪ በቁጥር እንየው። ገመድሽ 1 ሜትር ከ30 ነው እንበል። ዕቃው ሆዱ ላይ ሰፊ፣ ወደ ምስማሩ ጠባብ ስለሆነ አንዱ ጥቅል በአማካይ 11 ሳንቲ ሜትር ገመድ ይበላል እንበል። ወደ 12 ጥቅል መጣ። ገመዱ በግማሽ ሰከንድ ተፈቶ ካለቀ ዕቃው በዚያች ግማሽ ሰከንድ 12 ጊዜ ዞሯል፣ በአማካይ በሰከንድ 24 ዙር ማለት ነው። የተነሳው ግን ከዜሮ ነው። ስለዚህ ገመዱ ሲያልቅ ፍጥነቱ ከአማካዩ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ልብ በይ፣ ትልቁ ፍጥነት የሚመጣው ከመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ጥቅሎች ነው። አንቺ ግን ምን እያደረግሽ ነው? ወደ መሬት ትወረውሪዋለሽ፣ ግማሹ ገመድ ሳይፈታ ያርፋል፣ የቀረው ጥቅል ዕቃውን ጎትቶ በሆዱ ያስተኛዋል። «በሆዱ ይንከባለላል» ያልሽው ይሄ ነው። ወደ ታች አትወርውሪ። ወደ ፊት ስደጂው፣ ከመሬቱ ጋር ትይዩ በሆነ መንገድ፣ በወገብሽ ከፍታ። ከዚያ ገመዱ ሊያልቅ ሲል እጅሽን ሰብስቢ።

እንዴት ነው የሚሰበሰበው? ትኩስ ምጣድ የነካ እጅ እንደሚመለስ ነው። አጭር፣ ድንገተኛ፣ ከክርንና ከእጅ አንጓ የሚመጣ እንጂ ከትከሻ አይደለም። ትልልቅ ሰዎች ሁላችንም የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ጉልበት ያለን ይመስለንና መላ ክንዳችንን እናወራጫለን። የሰባት ዓመት ልጅ ጉልበት የለውም፣ ስለዚህ ሳያውቀው ትክክለኛውን ያደርጋል።

ልጅሽ በሁለት ቀን የቻለበት ምክንያት ደግሞ ሌላም አለው። ልጅ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ይሞክራል፣ ሲወድቅበትም አይቆጥርም። አንቺ አሥር ጊዜ ሞክረሽ፣ አሥሩንም ቆጥረሽ፣ ወደ ወጥሽ ትመለሻለሽ። ከዚያ እሑድ ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ትታገያለሽ። ይሄ አይጠቅምም። በየቀኑ 15 ደቂቃ ይሻላል፤ እጅ የሚማረው በየመሃሉ ሲያርፍና ሲተኛበት ነው።

በገመድ ከመጀመርሽ በፊት ግን አንድ ሁለት ቀን በጣት በሚሾር ነገር ተጫወቺ። መግዛት አያስፈልግም። የሃይላንድ ክዳን ውሰጂ። ትንሽ ምስማር እሳት ላይ አግለሽ ክዳኑን መሃሉ ላይ ብሺው፣ በትክክል መሃሉ ላይ። የክብሪት እንጨት አስገቢበት፣ ጠበቅ ብሎ እንዲይዝ። ከታች አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይውጣ፣ የቀረው ወደ ላይ ይሁን። በአውራ ጣትና በመሃል ጣት ይዘሽ ጠንከር አድርገሽ አሹሪውና ትሪ ላይ ልቀቂው። አሁን እየተጫወትሽ አጥኚው። የታችኛውን እንጨት ረዘም አድርጊው፣ ቶሎ ይንገዳገዳል። አሳጥሪው፣ ረግቶ ይሾራል። ሌላ ክዳን ወስደሽ ቀዳዳውን ሆን ብለሽ ከመሃል አውጪው፣ እንደ ሰካራም ይወላገዳል። ከዚያ ክዳኑ ውስጥ ዙሪያውን፣ ጠርዙ ላይ፣ ትንሽ ሰም ወይም ጭቃ እኩል ለጥፊበት። ወዲያው ዕድሜው ይረዝማል። ክብደት ከመሃል በራቀ ቁጥር፣ አንዴ መዞር ከጀመረ ለማስቆም ያስቸግራል። የእንዝርት ራስም የተሰካችው ለዚሁ ነው፤ ባዶ ስንጥር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለት ዙር ዞሮ ይቆም ነበር።

እዚያው ትሪ ላይ አንድ ነገር ታያለሽ። ዕቃው ዘንበል ሲል አይወድቅም፤ ዘንበል እንዳለ ዙሪያውን መዞር ይጀምራል። በፈጣኑ ጊዜ ይህ ትልቁ ዙር ዝግ ያለ ነው። ሽክርክሩ እየደከመ ሲመጣ ትልቁ ዙር እየፈጠነና እየሰፋ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ተንገዳግዶ በጎኑ ይተኛል። በተቃራኒው በደንብ የተሳበ እሽክርክሪት፣ ጫፉ ድቡልቡል ከሆነ፣ ዘንበል ብሎ ቢያርፍ እንኳ ጫፉ መሬቱን እየፋቀ ቀስ በቀስ ራሱን ቀጥ ያደርጋል፤ ከዚያ ያለ ምንም ንቅናቄ ይቆማል። በሌላው ዓለም ያሉ ተጫዋቾች ይህን ጊዜ «ተኛ» ይሉታል። አንዴ ብታይው ይገባሻል። የቆመ እንጨት እንጂ የሚሾር ነገር አይመስልም። ስለዚህ ሲያርፍ ትንሽ ዘንበል ካለ ተስፋ አትቁረጪ፣ ፍጥነት ካለው ራሱ ይነሳል።

አሁን ወደ ገመዱ። «ከነገመዱ ተመልሶ ጉልበቴን ይለኛል» ያልሽው ገመዱ ራሱ ላይ ስለሚደራረብ ነው። አንዱ ጥቅል በሌላው ላይ ወጥቶ ይቆልፈዋል፣ ሲሳብ አይፈታም፣ ዕቃው ታስሮ እንደተጎተተ ውሻ ተመልሶ ይመጣል። ናይለን ገመድ ከሆነ ጣዪው፤ ያንሸራትታል፣ አይጨብጥም። የጥጥ ሲባጎ ፈልጊ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው። ርዝመቱ በክንድሽ ሁለት ተኩል እስከ ሦስት ክንድ ይበቃል። አንዱን ጫፍ ቋጠሮ አድርጊ። በሌላው ጫፍ ላይ ቆርኪ በስተሽ አስገቢና እሱንም ቋጥሪው፤ ቆርኪው በጠቋሚና በመሃል ጣትሽ መካከል ይገባል፣ ስትስቢ ገመዱ አያመልጥሽም። ጣትሽ ላይ ግን አታስሪው። ደም ያቆማል፣ ጤና ጣቢያ እስክትሄጂ ድረስ እንዳያደርስሽ።

ጥቅለላው ከምስማሩ ይጀምራል። ጫፉን በምራቅ ወይም በውኃ እርጥብ አድርጊው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥቅሎች ምስማሩ ሥር ጥብቅ አድርጊ፣ ከዚያ ጎን ለጎን፣ ክፍተት ሳትተዪ፣ ሳትደራርቢ ወደ ሆዱ ውጪ። የእማዬ ልቃቂት እንኳ እንደዚህ አይጠነቀቅም። ሆዱ ከሚሰፋበት መስመር በላይ አትሂጂ፣ ይንሸራተታል። ቀኝና ግራ አቅጣጫውን በተመለከተ ብዙ ጭቅጭቅ አለ። እኔ የምለው፣ በአንዱ አቅጣጫ አሥር ጊዜ፣ በሌላው አሥር ጊዜ ሞክሪ፣ ከእጅሽ ሲወጣ ይበልጥ ቀጥ የሚልበትን ያዢና ከዚያ በኋላ አትቀያይሪ።

አያያዙ ቀላል ነው። ምስማሩ ወደ ታች፣ አውራ ጣት ራሱ ላይ፣ ሁለት ጣት ሆዱ ላይ። አጥብቀሽ አትጨብጪው፣ እንቁላል እንደያዝሽ ያዢው። ስትለቂው ጣቶችሽ በአንድ ጊዜ ይከፈቱ። አንዱ ጣት ከዘገየ ያጋድለዋል።

አሁን ከሁሉ የምወደው ልምምድ። ለመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት መቆሙን ጨርሶ እርሺው። መሬት ላይ ፍራሽ ወይም ያረጀ ጋቢ አጥፈሽ አንጥፊ፣ ከሁለት ሜትር ያህል ርቀሽ ቁሚና ወደዚያ ስደጂው። ለስላሳ ላይ መቼም አይቆምም፣ ስለዚህ እንዲቆም አትጠብቂ። የምትጠብቂው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገመዱ ሙሉ በሙሉ ተፈቶ እጅሽ ላይ ቀርቷል ወይ? ዕቃው ጋቢው ላይ ሲያርፍ ጨርቁን ጠምዞ ይሰበስበዋል ወይ? ጨርቁን ከጠመዘዘው ሾሯል። ካልጠመዘዘው ወርውረሽዋል። እኔ እንዲህ ስለማመድ ጋቢው መሃሉ ላይ እንደ ጽጌረዳ ተጠቅልሎ ሳይ የተሰማኝን ደስታ በኋላ ሲቆምልኝ እንኳ አላገኘሁትም። ከአሥሩ ሰባቱ ጨርቁን መጠምዘዝ ከጀመረ ጋቢውን አንሺው። በዚያው ቀን ይቆምልሻል ብዬ ልወራረድ።

የት ላይ? ሊሾ ካለሽ ሊሾ ላይ፣ ግን ምስማሩን ካየሽ በኋላ። በእበት የተለቀለቀ ወለል ደረቅ ከሆነ ከሁሉ ይሻላል፤ ለጀማሪ ይምራል፣ ምስማሩ ትንሽ ይይዛል፣ ዕቃው አይሸሽም። ኮብልስቶን ላይ አትሞክሪ፣ ድንጋዩ መሃል ያለው ክፍተት ይውጠዋል። ቀይ አፈር በበጋ ጥሩ ነው፣ ከተረገጠና ከደረቀ። በክረምት እርሺው። መረሬ መሬት ላይማ በበጋ ስንጥቁ፣ በክረምት ጭቃው፣ የዓመቱ ሁለት ወር ብቻ ነው የሚሆነው።

ዕቃውን እንየው። ራሱን በሁለት ጣት ይዘሽ ምስማሩን ወደ ዓይንሽ አዙሪና ቀስ ብለሽ አሽከርክሪው። የምስማሩ ጫፍ አንድ ነጥብ ላይ ከቆየ ቀጥ ብሏል። ትንሽ ክብ ከሠራ ጎብጧል፣ ወይም ከመሃል ወጥቷል። የጎበጠውን በመዶሻ ቀስ እያሉ ማቃናት ይቻላል፤ ከመሃል የወጣው ግን ነቅሎ፣ ቀዳዳውን በእንጨት ደፍኖ፣ እንደገና መምታት ይፈልጋል። አናጢሽን ለምኚው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም። ሁለተኛ፣ ምስማሩ ስንት ወጥቷል? ከአንድ ሳንቲ ሜትር ከበለጠ ይቆረጥ። ረጅም ምስማር ማለት ረጅም ወንበር ላይ እንደቆመ ሰው ነው፣ ትንሽ ነካ ቢደረግ ይሄዳል። የክዳኑን እንጨት ስታሳጥሪ ያየሽው ነው። ሦስተኛ፣ ጫፉ። አፈር ላይ የሚጫወት ሰው የሾለ ጫፍ አይፈልግም፣ ይቆፍራል። በሞረድ ድቡልቡል አድርጊው፣ እንደ ምስር። ሲሚንቶ ላይ የሾለ ጫፍ ረዘም ላለ ጊዜ ይሾራል፣ ምክንያቱም የሚፋቀው ቦታ ጠባብ ነው፤ ግን ለጀማሪ አይመከርም፣ በየአቅጣጫው ይሸሻል።

እንጨቱስ? ዋንዛ ከሆነ ለመጥረብ ልስልስ ያለ ስለሆነ አናጢ ይወደዋል፤ ከበሮም የሚፈለፈለው ከዋንዛ ነው። ለእሽክርክሪት ግን ይቀልላል። ወይራ ከባድና ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ወይራው ግን በቶርኖ እንኳ ስለትሽን ይበላዋል፣ በእጅ የሚጠርበው አናጢ ቢማረርብሽ አትፍረጂበት። ባሕር ዛፍ በየደጁ አለ፣ ዋጋውም ቀላል ነው፣ ግን እርጥቡ ከተሠራ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ ሚዛኑን ያጣል። ያንቺ ከእንቁላል ትንሽ ከበድ ካለ ይበቃል። ትልቅ ያማረ ነገር ለመጀመሪያ አይሆንም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፣ እኛ ጎጃሞች ሳናውቀው ስለምንጠቀምበት። የሚሾርን ነገር የሚያደክሙት ሁለት ናቸው፤ ጫፉ ላይ ያለው ሰበቃና አየሩ። ዳንግላ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ ደብረ ማርቆስ ወደ 2,400 ሜትር ይጠጋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። (ባሕር ዳርቻ ስል ጅቡቲን ነው እንጂ የእኔን ከተማ አይደለም፤ እኛም 1,800 ሜትር ላይ ነን።) ስለዚህ አንድ ዓይነት እሽክርክሪት፣ በአንድ ዓይነት እጅ፣ ዳንግላ ላይ ሲሾር ጅቡቲ ላይ ከሚሾረው ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። የጫፉ ሰበቃ አይቀንስልሽም፣ ስለዚህ ልዩነቱ ተአምር አይደለም። ጮቄ ላይ ይዞ መውጣት የዘወትር ሐሳቤ ነው፣ እዚያ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደረሳል፤ ችግሩ እዚያ ሜዳ የሆነ ደረቅ መሬት ማግኘቱ ነው።

የባለቤትሽ ነገር። በጅራፍ የሚገረፈው ይቀላል? ግማሽ እውነት አለው። የማይደክም ነው፤ ፍጥነቱ በቀነሰ ቁጥር እየገረፍሽ ታቆዪዋለሽ፣ ስለዚህ አንዴ ከተነሳ የጀማሪ ደስታ ረጅም ነው። ማስነሳቱ ግን ያው ነው፣ መጀመሪያ በእጅ ወይም በገመድ ማሾር አለብሽ። ደግሞ ባለቤትሽ የቡሄ ጅራፍ እያሰበ ከሆነ ይጠንቀቅ። ቡሄ ላይ ጅራፉን የምናስጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ሲሄድ ነው፤ ጩኸቱ የዚያ ነው። ያ ምት እሽክርክሪትን ይገለብጠዋል እንጂ አያሾረውም። ለእሽክርክሪት የሚሆነው ጅራፍ አጭር ዱላና ለስላሳ ጨርቅ ወይም የጥጥ ገመድ ነው። ገመዱ ሆዱን አንዴ ይጠመጠመዋል፣ ከዚያ ወደ ራስሽ ትስቢዋለሽ። አየሽ? እሱም መሳብ ነው። እኔ የማውቃቸው ቡሄ ላይ ጅራፍ በማጮህ የታወቁ ጎረምሶች እሽክርክሪት ሲገርፉ በመጀመሪያው ምት ከአጥር ውጭ ነው የሚያበሩት። አንቺ ጅራፍ ይዘሽ የማታውቂ ከሆነ ትበልጫቸዋለሽ፣ የምትረሺው ነገር የለም።

ማፈሩን በተመለከተ ብዙ መናገር አልወድም። እውነት ነው፣ አንዲት ትልቅ ሴት ግቢዋ ውስጥ እሽክርክሪት ስታሾር ያየ ሰው አንድ ነገር ሳይል አያልፍም። የእኔም ጎረቤት «ሥራ ፈታህ እንዴ?» ብሎኛል። ማሌዥያ ውስጥ፣ በተለይ ኬላንታን በሚባለው ግዛት፣ ጋሲንግ የሚሉት እሽክርክሪት የትልልቅ ሰዎች ውድድር ነው። አምስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን አለ፣ ዲስክ የመሰለ፣ በወፍራም ገመድ የሚጠቀለል፤ በደንብ የሚያውቅ ሰው የሳበው ከአንድ ሰዓት በላይ ይሾራል። የሚያሾሩት ጺማቸው የሸበተ ሰዎች ናቸው። ሌላም ልጨምርልሽ፤ ኒልስ ቦርና ቮልፍጋንግ ፓውሊ፣ ሁለቱም በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙ፣ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ስዊድን ውስጥ ሉንድ ከተማ ጎንበስ ብለው መሬት ላይ የሚሾር ትንሽ እሽክርክሪት ሲያዩ የተነሱት ፎቶ አለ። ያ እሽክርክሪት ሲሾር ቆይቶ ራሱን ገልብጦ በዘንጉ የሚቆም ዓይነት ነው። ከእነሱ በፊት ደግሞ ሶፊያ ኮቫሌቭስካያ የምትባል ሩስያዊት የሒሳብ ሊቅ በ1888 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚን ትልቅ ሽልማት የወሰደችው የእንዲህ ዓይነቱን የሚሽከረከር ነገር እንቅስቃሴ በሒሳብ ፈትታ ነው። ሥራዋን በጣም ስለወደደላት አካዳሚው የሽልማቱን ገንዘብ ከ3,000 ወደ 5,000 ፍራንክ ከፍ አደረገው። የወንድ ጨዋታ ላለሽ ሰው እሷን ጥቀሺለት።

ካፈርሽ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት ጓሮ አድርጊው፣ ጠዋት ልጁ ሳይነሳ። ልጅሽ አጠገብሽ ሆኖ ሲያስተምርሽ ሌላ ጣጣ አለው፤ ልጅ የሚችለውን ነገር እንዴት እንደሚችለው አያውቅም፣ «እንዲህ ነው» ብቻ ነው የሚልሽ፣ አንቺ ደግሞ እጁን ሳይሆን ዕቃውን ትከተያለሽ። አንድ ቀን ብቻ ዕቃውን ሳታዪ እጁን ብቻ እዪው። መጨረሻ ላይ ወዴት ይሄዳል? ወደ ኋላ።

ጫማ ሳታደርጊ አትጫወቺ፣ ከፊትሽም ሦስት ሜትር ያህል ሰው አይቁም። ምስማር ነው፣ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም። ቤት ውስጥ ከሆነ ቴሌቪዥኑ ወዳለበት ግድግዳ ፊትሽን አታዙሪ። ይህን የማውቀው እንዴት እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ሲቆምልሽ ወዲያው ምን እንደሚያምርሽ አውቃለሁ፤ እጅሽ ላይ ማንሳት። መዳፍሽን ወደ ላይ አድርገሽ፣ ጠቋሚና መሃል ጣትሽን ከፈት አድርገሽ፣ የእጅሽን ጀርባ መሬት አስነክተሽ ወደ ምስማሩ ግፊው፣ ምስማሩ በጣቶችሽ መካከል ሲገባ ፈጠን ብለሽ ወደ ላይ ነጠር አድርጊው፣ መዳፍሽ ላይ ያርፋል። ይኮረኩራል፣ ደስ ይላል። ይህ ሌላ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፣ ጫፉ ድቡልቡል ካልሆነም ፈጽሞ አይሞከርም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ከሁሉ በፊት ሞረድ ፈልጊ። ሊሾ ላይም ሳትሞርጂ እንዳትለቂው፤ እኔ ሳሎን ሦስት ጉድጓድ አለ፣ ባለቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ወንበር የምትገፋባቸው።